ፍሎሬንስ ናይቲንጌል፤ ርኅራኄን ከሒሳብ ጋር ያጣመረች አስታማሚ

በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ ለመጻፍ ባሰብሁ ጊዜ፣ ብዙ ነገሥታትና የጦር መሪዎች በሐሳቤ መጥተው ነበር። ዳሩ ግን ነገሥታትንና የጦር መሪዎችን የሚያወድስ ብዙ ነው። ስለዚህ ሰይፍ ሳትጨብጥ፣ ዘውድም ሳትጭን፣ የቍጥር መዝገብ ይዛ የብዙ ሰው ሕይወት ያተረፈችውን የፍሎሬንስ ናይቲንጌልን ታሪክ መረጥሁ።

ስምዋን ያልሰማ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምናውቃት፣ በሌሊት ፋኖስ ይዛ ቍስለኞችን ስትጐበኝ በሚያሳየው ሥዕል ብቻ ነው። ሥዕሉ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ሆኖም የሥራዋን ሩብ እንኳ አይነግረንም። ፋኖስ ይዛ የዞረችበት ዘመን ሁለት ዓመት አይሞላም። ከዚያ በኋላ ግን በአብዛኛው ከቤትዋ ሳትወጣ፣ ሐኪም ቤቶች ስንት በሽተኛ እንደ ተቀበሉ፣ ስንቱ እንደ ዳነ፣ ስንቱ እንደ ሞተና ስለ ምን እንደ ሞተ በትክክል እንዲቈጥሩ ለማድረግ ብዙ ዓመት ደክማለች። ዛሬ ሐኪሞች ክሊኒካል ኦዲት የሚሉት፣ ማለት ሐኪም ቤት የራሱን ሥራ በመዝገብ የሚመረምርበት አሠራር፣ ከጥንት አባቶቹና እናቶቹ መካከል እርስዋን ይቈጥራል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልኝ እለምናለሁ።

ልደትዋና አስተዳደግዋ

ፍሎሬንስ ናይቲንጌል በ1820 ዓ.ም. ሜይ 12 ቀን በኢጣልያ አገር በፍሎሬንስ ከተማ ተወለደች። ወላጆችዋ እንግሊዛውያን ባለጸጎች ሲሆኑ፣ ያን ጊዜ በአውሮፓ አገሮች እየተዘዋወሩ ነበር። ስምዋም ከተወለደችበት ከተማ የተወሰደ ነው። ታላቅ እኅትዋ በኔፕልስ ከተማ ስለ ተወለደች፣ የዚያች ከተማ ጥንታዊ የግሪክ ስም የሆነው ፓርቴኖፕ ተሰጥቷት ነበር። አባትዋ ዊልያም ኤድዋርድ ናይቲንጌል በእንግሊዝ አገር በደርቢሺርና በሃምፕሺር ሰፋፊ ርስቶች ነበሩት፤ ስለዚህ ልጆቹ በምቾት አደጉ።

በዚያ ዘመን የባለጸጋ ሴት ልጅ የምትማረው ሙዚቃ፣ ጥልፍና የእንግዳ አቀባበል ነበር። የፍሎሬንስ አባት ግን ሁለቱን ልጆቹን ራሱ ላቲንና ግሪክ፣ ታሪክና ፍልስፍና አስተማራቸው። ፍሎሬንስ ከሁሉ አብልጣ የወደደችው ሒሳብን ነበር። ወላጆችዋ በዚህ ባይደሰቱም፣ አጥብቃ ስለ ለመነች ሒሳብ እንድትማር ተፈቀደላት። ያ የልጅነት ፍቅር በኋላ ለስንት ሰው ሕይወት መድኃኒት እንደሚሆን ያን ጊዜ ማንም አላሰበም።

ዕድሜዋ 16 ዓመት ሲሆን፣ በ1837 ፌብሩዋሪ 7 ቀን፣ እግዚአብሔር ለአገልግሎት እንደ ጠራት አመነች። አገልግሎቱ ምን እንደ ሆነ ግን ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጀባት። በመጨረሻ በሽተኞችን ማስታመም መሆኑን ስትረዳ፣ በ1845 በሶልዝበሪ ከተማ ሐኪም ቤት ገብታ ለመማር ወላጆችዋን ጠየቀች። ወላጆችዋም ደንግጠው ከለከሏት። ይህም የሚያስገርም አልነበረም። በዚያ ዘመን የሐኪም ቤት አስታማሚነት እንደ ተዋረደ ሥራ ይቈጠር ነበር፤ ብዙዎቹ አስታማሚዎች ትምህርት የሌላቸው ከመሆናቸውም በላይ በስካር ይታሙ ነበር። ለትልቅ ቤተ ሰብ ልጅ እንዲህ ወዳለ ቦታ መግባት ትልቅ ነውር ነበር።

ፍሎሬንስ ግን ተስፋ አልቈረጠችም። ጧት ጧት ከቤተ ሰብዋ በፊት እየተነሣች ስለ ሐኪም ቤቶች የተጻፉ ዘገባዎችን ታነብና ማስታወሻ ትይዝ ነበር። ሪቻርድ መንክተን ሚልንዝ የሚባል የታወቀ ሰው ለጋብቻ ቢጠይቃትም፣ ትዳር ከጥሪዋ ያስቀረኛል ብላ ስለ ፈራች እንቢ አለችው። በ1851 በጀርመን አገር በካይዘርስቬርት፣ ፓስተር ቴዎዶር ፍሊድነር ባቋቋመው የሴቶች ዲያቆናት ቤት ገብታ ለሦስት ወር ያህል የማስታመም ሥራ ተማረች። በ1853 ደግሞ በለንደን ከተማ ለታመሙ ወይዛዝርት የተቋቋመ አንድ ትንሽ ሐኪም ቤት አስተዳዳሪ ሆነች። አባትዋም ሐሳቡን ለውጦ ለኑሮዋ በዓመት 500 ፓውንድ ቈረጠላት።

የክሪሚያ ጦርነትና የእስኩታሪ ሐኪም ቤት

በ1853 በሩስያና በቱርክ መካከል ጦርነት ተነሣ። በ1854 እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር ሆነው በሩስያ ላይ ዘመቱ። ጦርነቱ በይበልጥ የተደረገው በጥቁር ባሕር ዳር በክሪሚያ ምድር ስለ ነበር በዚያው ስም ይጠራል። የእንግሊዝ ቍስለኞችና በሽተኞች በመርከብ እየተጫኑ ባሕሩን ተሻግረው፣ ከቁስጥንጥንያ ፊት ለፊት ባለችው በእስኩታሪ ወደሚገኝ ሐኪም ቤት ይላኩ ነበር። ይህ ሐኪም ቤት ቀድሞ የቱርክ ወታደሮች ሰፈር የነበረ ታላቅ ሕንፃ ነው።

የለንደን ጋዜጦች ቍስለኞች ያለ ፋሻ፣ ያለ አልጋና ያለ አስታማሚ እንደሚያልቁ በጻፉ ጊዜ የእንግሊዝ ሕዝብ እጅግ ተቈጣ። የጦርነት ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ሲድኒ ኸርበርት ወይዘሪት ናይቲንጌልን አስቀድሞ ያውቃት ስለ ነበር፣ አስታማሚዎችን ይዛ እንድትሄድ ለመናት። እርስዋም በ1854 ኦክቶበር 21 ቀን 38 ሴቶች አስከትላ ከለንደን ተነሣች። ከነዚህም አንዳንዶቹ የካቶሊክና የአንግሊካን መነኮሳት፣ ሌሎቹም የሐኪም ቤት አስታማሚዎች ነበሩ። ኖቬምበር 4 ቀን እስኩታሪ ደረሱ።

የጦሩ ሐኪሞች በመጀመሪያ በደስታ አልተቀበሏቸውም። ሴቶች በወታደር ሐኪም ቤት ምን ይሠራሉ ብለው አጕረመረሙ። ፍሎሬንስም በጥበብ፣ ሐኪሞቹ ራሳቸው እስኪጠሯቸው ድረስ አስታማሚዎችዋ ወደ ቍስለኞቹ እንዳይገቡ አዘዘች። ብዙም አልቈየ፤ ከኢንከርማን ጦርነት የመጡ ቍስለኞች ቤቱን በሞሉት ጊዜ ሐኪሞቹ እርዳታዋን ለመኑ። ከዚያ ወዲያ ልብስ የሚታጠብበት ቤት አቋቋመች፤ ለደካሞች የሚስማማ ምግብ የሚዘጋጅበት ወጥ ቤት ከፈተች፤ ጋዜጣ አንባቢዎች ባዋጡት ገንዘብም ሸሚዝ፣ ፎጣና ሳሙና ገዛች። የወታደሮቹ ደመወዝ ለቤተ ሰባቸው የሚላክበትን መንገድ አበጀች። ሌሊትም ፋኖስ ይዛ በረጃጅሞቹ አዳራሾች ትዞር ነበር።

ይህ ሁሉ ሲደረግ ግን ሞት አልቀነሰም፤ እንዲያውም ባሰ። በ1855 ጃኑዋሪ ወር ብቻ ከመላው የእንግሊዝ ጦር 2,761 ሰዎች በተላላፊ በሽታ ሲሞቱ፣ በቍስል የሞቱት 83 ብቻ ነበሩ። በፌብሩዋሪ ወር፣ ማለት በአገራችን ዐፄ ቴዎድሮስ በደረስጌ ማርያም ዘውድ በጫኑበት በዚያው ወር፣ በእስኩታሪ ከታከሙት ከመቶው 42 ያህሉ ይሞቱ ነበር። የጠላት ጥይት የገደለው ጥቂት፣ ሐኪም ቤት ገብቶ የሞተው ግን እጅግ ብዙ ሆነ።

በማርች ወር 1855 ከለንደን አንድ የጤና አጠባበቅ ኮሚሲዮን መጣ። የኮሚሲዮኑ ሰዎች ዶክተር ጆን ሰዘርላንድና መሐንዲሱ ሮበርት ሮሊንሰን ሕንፃውን ሲመረምሩ፣ ከሥሩ ያለው የቈሻሻ መውረጃ ቦይ ተደፍኖ ሽታው ወደ በሽተኞች ክፍል ይወጣ እንደ ነበር አገኙ። ውሃው የሚመጣበት መንገድም በበከተ እንስሳ ተበክሎ ነበር። ቦዩን አስጠረጉ፣ ውሃውን አጸዱ፣ ግድግዳውን ኖራ አስቀቡ፣ ነፋስ የሚገባበት መስኮት አስከፈቱ። በጁን ወር ከመቶ የሚሞተው 2 ያህል ብቻ ሆነ።

ፍሎሬንስ ራስዋም በሜይ ወር ክሪሚያ ውስጥ ወደ ባላክላቫ በሄደች ጊዜ በከባድ ትኩሳት ታማ ለሞት ደርሳ ነበር። ከዚያ በሽታ ፈጽማ አልዳነችም። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1856 ኦገስት ወር፣ አቀባበልና ሰልፍ እንዳይደረግላት ስምዋን ለውጣ በስውር ወደ አገርዋ ተመለሰች።

ቍጥሩ ያወጣው ምስጢር

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊዎች ታሪኩን ይጨርሳሉ። ዋናው ሥራዋ ግን የሚጀምረው ከዚህ ነው። በጦርነቱ ከ20 ሺህ የሚበልጡ የእንግሊዝ ወታደሮች ሞተዋል፤ አብዛኛዎቹም የሞቱት በበሽታ ነው። ፍሎሬንስ ይህ ለምን ሆነ ብላ ጠየቀች። መልሱን ለማግኘት ግን መዝገቡ ራሱ አስቸጋሪ ነበር። በእስኩታሪ ሦስት ልዩ ልዩ የሙታን መዝገብ ይያዝ ነበርና፣ ሦስቱም እርስ በርሳቸው አይስማሙም። የሞተውን ሰው በትክክል ያልቈጠረ ሐኪም ቤት፣ ስለ ምን እንደ ሞተ እንዴት ሊያውቅ ይችላል?

በዚህ ጊዜ ዊልያም ፋር የሚባል፣ የእንግሊዝን የሞት መዝገብ የሚያጠና ታላቅ የስታቲስቲክስ ዐዋቂ ረዳት ሆነላት። ሁለቱ የየወሩን ሞት በየምክንያቱ ለይተው፣ የጦሩንም ብዛት አስልተው አነጻጸሩ። ሂው ስሞል የተባለ ጸሐፊ በ1998 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚያስረዳው፣ ፍሎሬንስ እስከዚያ ድረስ ወታደሮቹ ያለቁት በረኃብ፣ በድካምና ዘግይተው ወደ ሐኪም ቤት በመድረሳቸው ይመስላት ነበር። ቍጥሩ ግን ሌላ ነገር ነገራት፤ የራስዋ ሐኪም ቤት ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ሰው የሞተበት ሆኖ ተገኘ። ሌሎች የታሪክ ሰዎች ይህን አስተያየት በሙሉ አይቀበሉትም። ሆኖም በ1858 ባዘጋጀችው ታላቅ ዘገባ ላይ የእስኩታሪን ጥፋት ሳትሸፍን በግልጽ ማስቀመጥዋ የተረጋገጠ ነው።

ይህን በጥሞና እናስብ። መላው አገር እንደ ቅድስት ያከብራታል፤ ሕዝቡ በስምዋ ከ40 ሺህ ፓውንድ በላይ አዋጥቷል። ዝም ብትል ኖሮ ክብርዋ እንደ ተጠበቀ ይኖር ነበር። እርስዋ ግን በደግነት የተሠራ ሥራ ሁሉ ጥሩ ሥራ እንዳልሆነ፣ ርኅራኄ የቈሻሻውን ቦይ እንደማይጠርግ ተረድታ እውነቱን ለመንግሥት አቀረበች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን፤ ይህ ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለሐኪም ቤትም እውነት ነው።

ሚኒስትሮችና የምክር ቤት ሰዎች የቍጥር ሠንጠረዥ ማንበብ እንደሚሰለቻቸው ስላወቀች፣ ቍጥሩን በሥዕል አደረገችው። አንድ ክብ ነገር በ12 ወር ከፍላ፣ በተላላፊ በሽታ የሞቱትን በሰማያዊ፣ በቍስል የሞቱትን በቀይ፣ በሌላ ምክንያት የሞቱትን በጥቍር ቀለም አሳየች። ሥዕሉን ያየ ሁሉ፣ ሰማያዊው እንዴት ሰፊ፣ ቀዩ እንዴት ጠባብ እንደ ሆነ ያለ አስተማሪ ይገባው ነበር። ደግሞም በሰላም ጊዜ በእንግሊዝ አገር በጦር ሰፈር ከሚኖሩ ጤነኛ ጐልማሶች በየዓመቱ ከሺህ 17 እስከ 20 እንደሚሞቱ፣ በዚያው ዕድሜ ካሉት ሲቪሎች ግን የሚሞቱት 11 እንደ ሆኑ አስረዳች። ከዚህ የተነሣ የጦር ሰፈሮች አሠራር ተሻሻለ፤ በ1860ም የጦር ሐኪሞች ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1858 የለንደን ስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል አድርጎ መረጣት።

አንድ ዐይነት መዝገብ ለሁሉም ሐኪም ቤት

ከዚያ በኋላ ፊትዋን ወደ ሲቪሉ ሐኪም ቤቶች መለሰች። በለንደን የነበሩት ታላላቅ ሐኪም ቤቶች እያንዳንዳቸው በፈቀዱት መንገድ ይቈጥሩ ነበር። አንዱ በሽታውን በአንድ ስም ሲጠራው ሌላው በሌላ ስም ይጠራዋል፤ አንዱ ዕድሜን ሲጽፍ ሌላው አይጽፍም። እንዲህ ከሆነ የትኛው ሐኪም ቤት በደንብ እንደሚያክም፣ የትኛውም ጕድለት እንዳለበት ማወቅ አይቻልም።

በ1860 ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ጉባኤ በለንደን በተሰበሰበ ጊዜ፣ ለሁሉም ሐኪም ቤት የሚሆን አንድ ዐይነት ቅጽ አቀረበች። ሕመም ከቤት ስላዋላት ጽሑፍዋ በሌላ ሰው ተነበበ። ቅጹ የሚጠይቀው ቀላል ነገር ነበር፤ በዓመቱ መጀመሪያ ስንት በሽተኛ ነበረ፣ በዓመቱ ውስጥ ስንት ገባ፣ ስንት ድኖ ወይም ተሽሎት ወጣ፣ ስንት ሳይሻለው ወጣ፣ ስንት ሞተ፣ በዓመቱ መጨረሻ ስንት ቀረ፣ አንዱ በሽተኛ በመካከለኛ ግምት ስንት ቀን ተኛ። ይህም ሁሉ በበሽታው ዐይነት፣ በዕድሜና በጾታ ተለይቶ ይጻፋል። ጉባኤው ሐሳቡን ተቀበለ። በ1861 የለንደን ሐኪም ቤቶች በቅጹ ለመጠቀም ተስማሙ፤ በ1862ም የሰበሰቡት ቍጥር በስታቲስቲክስ ማኅበሩ መጽሔት ታተመ። ነገር ግን ሥራው ገንዘብና ጸሐፊ የሚጠይቅ፣ የበሽታዎቹም አከፋፈል የሚያከራክር ስለ ሆነ፣ ብዙም ሳይቈይ ተቋረጠ።

ሌላም ፈተና አጋጠማት። በ1863 ስለ ሐኪም ቤቶች የጻፈችውን መጽሐፍ እንደ ገና ስታሳትም፣ ፋር ያዘጋጀውን አንድ ሠንጠረዥ ጨመረችበት። በዚያ ሠንጠረዥ ላይ በ24 የለንደን ሐኪም ቤቶች ሞት ከመቶ 90.84 ሲሆን፣ በ25 የክፍለ ሀገር ሐኪም ቤቶች ግን ከመቶ 39.41 ነበር። ሐኪሞቹ ይህን ባዩ ጊዜ እጅግ ተቈጡ፤ በሕክምና ጋዜጣም ጽፈው ተቃወሙ።

ክርክሩ ምን እንደ ነበረ እኛ ሒሳብ የምንማር ሁሉ ልናስተውለው ይገባናል። ፋር የዓመቱን ሙታን ያካፈለው በአንድ ቀን፣ ማለት በ1861 ኤፕሪል 8 ቀን፣ ተኝተው በተገኙት በሽተኞች ነው፤ በለንደን 3,828 ሙታን ለ4,214 ተኝተው ለተገኙ በሽተኞች ማለት ነው። ነገር ግን በአንድ አልጋ ላይ በዓመት ውስጥ ብዙ ሰው ይፈራረቃል። ለምሳሌ 100 አልጋ ያለው ሐኪም ቤት በዓመት 1,000 ሰው ተቀብሎ 90 ቢሞቱ፣ በፋር አቈጣጠር ከመቶ 90 ይሆናል፤ ወደ ሐኪም ቤቱ ከገቡት ሰዎች አንጻር ግን ከመቶ 9 ብቻ ነው። ፋር ለአቈጣጠሩ የራሱ ምክንያት ነበረው፤ ሆኖም አንባቢን በቀላሉ የሚያሳስት ነበር። ከዚህም ሌላ፣ የለንደን ሐኪም ቤቶች ከባድ በሽተኛና አደጋ የደረሰበት ሰው በብዛት ይቀበላሉ፤ የገጠሮቹ ቀለል ያለውን ይቀበላሉ። ይህም ከየቦታው የመጣውን ሁሉ የሚቀበል ትምህርት ቤትንና ጐበዞችን ብቻ መርጦ የሚቀበል ትምህርት ቤትን በፈተና ውጤት ብቻ እንደ ማወዳደር ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል እንደሚባለው፣ ቍጥርም ካልተያዘበት አያያዝ ፍርድን ያበላሻል።

ሐኪሞቹ በዚህ እውነት ነበራቸው። ቢሆንም የእርስዋ ሐሳብ በዚህ ምክንያት አልወደቀም። ክርክሩ ራሱ፣ በሽተኞችን በዕድሜና በበሽታው ክብደት ሳይለዩ ሐኪም ቤቶችን ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት መሆኑን አስተምሯል።

ስለ ወላዶች ያደረገችው ምርመራ

በ1860 በሕዝብ ስጦታ ገንዘብ በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሐኪም ቤት የአስታማሚዎች ትምህርት ቤት አቋቋመች። ከዚያ የወጡት ሴቶች በብዙ አገር አስታማሚነትን የተከበረ ሙያ አደረጉት። በኪንግስ ኮሌጅ ሐኪም ቤት ደግሞ አዋላጆች የሚሠለጥኑበት ክፍል በእርስዋ ገንዘብ እርዳታ ተከፍቶ ነበር። በዚህ ክፍል ግን ወላዶች በአራስነት ትኩሳት መሞት ጀመሩ። ሲቈጠር፣ ከሺህ ወላዶች 33 ያህል ሞተው ተገኙ፤ በመላ እንግሊዝ አገር ግን የሚሞቱት ከሺህ 5 ያህል ነበሩ። ክፍሉ በ1867 ተዘጋ።

ፍሎሬንስ በዚህ አላቆመችም። ከብዙ አገር የወላዶች ቍጥር ሰብስባ በ1871 አንድ መጽሐፍ አሳተመች። ድሀ ሴት በቤትዋ ስትወልድ ከምትሞተው ይልቅ፣ በታላላቅ የማዋለጃ ቤቶች የምትሞተው እንደሚበዛ አሳየች። ራስዋ የደከመችበትን ሥራ በራስዋ ሚዛን መዝና ጕድለቱን ማሳተምዋ፣ ከፋኖሱ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ህንድ አገርም እንዲሁ ደከመች። በዚያ የሰፈሩት የእንግሊዝ ወታደሮች በዓመት ከሺህ 69 ይሞቱ ነበር። የውሃና የንጽሕና ሥራ ከተሻሻለ በኋላ፣ በ1873 ራስዋ እንደ ገለጸችው፣ ሞቱ ከሺህ ወደ 18 ወርዷል።

እርጅናዋና ዕረፍትዋ

ከ1857 ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከቤት አትወጣም ነበር። ሚኒስትሮችና የህንድ እንደራሴዎች ምክርዋን ለመጠየቅ ወደ ቤትዋ ይመጡ ነበር። እጅግ ብዙ ደብዳቤ ጻፈች። በእርጅናዋ ዐይንዋ ጠፋ። በ1907 የእንግሊዝ ንጉሥ የሜሪት ኒሻን ሰጣት፤ ይህን ኒሻን ስትቀበል ከሴቶች የመጀመሪያዋ ናት። በ1910 ኦገስት 13 ቀን በ90 ዓመትዋ በለንደን ዐረፈች። በዌስትሚንስተር ታላቅ ቤተ ክርስቲያን እንድትቀበር ቢታሰብም ቤተ ሰብዋ አልተቀበለውም። በሃምፕሺር በኢስት ዌሎ መንደር ከወላጆችዋ ጋር ተቀበረች። በመቃብርዋም ላይ የስምዋ ሁለት የመጀመሪያ ፊደላት፣ የተወለደችበትና የሞተችበት ጊዜ ብቻ ተጽፏል።

ከእርስዋ በኋላ

ያሰበችው አንድ ዐይነት መዝገብ በዘመንዋ ቢቋረጥም፣ ሐሳቡ አልሞተም። በእንግሊዝና በዌልስ ከ1952 ጀምሮ የእያንዳንዱ እናት ሞት በምስጢር እየተመረመረ ምክንያቱ ይጠና ጀመር። በ1989 መንግሥት በየሐኪም ቤቱ የሐኪሞች ሥራ እንዲመረመር አሳሰበ። በ2007 ደግሞ የዳሌ አጥንት የተሰበሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አገር አቀፍ መዝገብ ተከፈተ። በየሐኪም ቤቱ እንዲህ ያለ በሽተኛ በገባ ጊዜ፣ መቼ ገባ፣ መቼ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ በ30 ቀን ውስጥ ዳነ ወይስ ሞተ ተብሎ ይጻፋል። ከዚያም ሐኪም ቤቶቹ የበሽተኞቻቸው ዕድሜና የሕመማቸው ክብደት እየታሰበ ይነጻጸራሉ። በእንግሊዝ በገቡበት ቀን ወይም በማግስቱ ቀዶ ሕክምና ያገኙት በ2007 ከመቶ 54.5 የነበሩት በ2011 ወደ 71.3 ከፍ አሉ፤ በ30 ቀን ውስጥ የሚሞቱትም ከመቶ 10.9 ወደ 8.5 ወረዱ። አዲስ ተአምረኛ መድኃኒት አልተገኘም፤ የታወቀው መልካም ሥራ ሳይዘገይ ለብዙ ሰው መደረጉ ነው።

የዚህ ሥራ መንገድ አምስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ መልካም ሕክምና ምን እንደሆነ መወሰን፤ ሁለተኛ የተሠራውን በሐቅ መቍጠር፤ ሦስተኛ ከተወሰነው ጋር ማነጻጸር፤ አራተኛ ጕድለቱን ማረም፤ አምስተኛ መታረሙን ለማወቅ እንደ ገና መቍጠር። አንድ ሐኪም ቤት ብቻውን የሚያየው ጥቂት በሽተኛ ነው፤ የአገሩ ሐኪም ቤቶች ሁሉ በአንድ ዐይነት ቅጽ ሲጽፉ ግን፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ለአንዱ የተሰወረው ለሁሉ ይገለጣል።

ይህ ነገር ለአገራችንም ሩቅ አይደለም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን የነርስነት ትምህርት ተምራ በ1939 ተመረቀች። ወደ አገርዋ ተመልሳ በነቀምት ስትኖር፣ በ1942 ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም በወጣትነትዋ ዐረፈች። የንጉሠ ነገሥት ልጅና ነርስ የነበረችው እንኳ ከዚህ ሞት ካላመለጠች፣ በየገጠሩ ስማቸው ሳይጻፍ ያለፉት እናቶች ስንት ይሆኑ? በ2013 በኢትዮጵያ የእናቶች ሞት ሁሉ እንዲመዘገብና ምክንያቱ እንዲጠና የሚያደርግ አገር አቀፍ ሥርዓት ተጀመረ። ፍሎሬንስ በ1871 የጠየቀችው ይህንኑ ነበር።

ከታሪክዋ ምን እንማራለን

ከእኛ መካከል ነገ ሐኪምና ነርስ የሚሆኑ አሉ። ሌሎችም የመዝገብ ቤት ጸሐፊዎች ይሆናሉ፤ እነርሱም ሥራቸውን አይናቁ። በሽተኛው የሞተበትን ምክንያት በትክክል የጻፈ ጸሐፊ፣ ለሚመጣው በሽተኛ መድኃኒት አዘጋጅቷል። ጥፋቱን እንዳይታይበት ቍጥር የሚቀንስ አለቃ ግን፣ ሳያውቀው የሌላ ሰው ሞት ምክንያት ይሆናል።

ወላጆችም ሴት ልጃቸው ሒሳብ እማራለሁ ስትል የናይቲንጌልን ቤት ያስታውሱ። ያች ልጅ መምህርዋን ባታገኝ ኖሮ፣ የእስኩታሪ ሙታን ስለ ምን እንደ ሞቱ ሳይነገርላቸው በቀሩ ነበር።

ፍሎሬንስ ናይቲንጌል የሞቱትን መልሳ ማስነሣት አልቻለችም። ነገር ግን እያንዳንዳቸውን ቈጥራ፣ ሞታቸው ለሌሎች መዳን ምክር እንዲሆን አደረገች። እኛም በየምንሠማራበት ሥራ፣ ያደረግነውን ሳንሸፍን እየመረመርን እንድናሻሽል እግዚአብሔር ይርዳን።